በሁለት እጅ የተሰጠ

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር፤ ሰማዩ አንዲት ደመና እንኳ አልያዘም፤ የጥቅምት ፀሐይ ገና ሳትከር አሸዋው እግር መለብለብ ጀምሯል።

ቃናኒ ከቀርከሃው ጎጆ ደጃፍ ቆማ ውኃውን ታያለች። ልጇ ገመቺስ ጎኗ ላይ ተለጥፎ የአንገቷን ማተብ የመሰለ ጥቁር ክር ያኝካል። ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል፤ መራመድ ከጀመረ ወዲህ ምድር ጠብባዋለች፤ አንድ ቦታ የሚያረጋው የእናቱ ጡት ብቻ ነው። ቃናኒ ባምባሲ ተወልዳ ያደገች፣ አሶሳ ገበያ ውስጥ በአንድ ስፌት መኪና የሴት ልብስ የምትሰፋ ናት። ከዳቡስ ወንዝ የሰፋ ውኃ አይታ አታውቅም። አሁን ግን ፊት ለፊቷ የተዘረጋው ሐይቅ ማዶው እንደ ጭስ ቀጥኖ ይታያል። ዓባይ ሲገደብ ወደ ኋላው ተኝቶ የሞላው ቆላ ነው። ከውኃው መካከል የደረቁ ዛፎች ጫፍ እዚህም እዚያም ብቅ ብሏል።

አሸዋውን የመዝናኛው ባለቤት ከደረቅ ወንዝ በገልባጭ መኪና አስጭኖ ያስደፋው ነው። ዘንባባዎቹ ግን የቦታው ናቸው።

«ባሕር ማለት ይኸ ነው?» አለች።

«ባሕር ጨው አለው እንጂ ሌላው ያው ነው» አለ ባሏ ሽመክት፣ ጫማውን እያወለቀ። «ሦስት ቀን ሙሉ መርፌ የለም፣ ደንበኛ የለም፣ “እጅጌው ጠበበኝ” የሚል የለም። አልኩሽ አይደል?»

ብሏት ነበር። የዚህን ዳርቻ ቪዲዮ በስልኩ ሲያሳያት ዓይኗን አላመነችም። በተጋቡ አምስት ዓመት ውስጥ አብረው የሄዱት ሠርግና ለቅሶ ብቻ ነው። ሽመክት የመንገድ ሥራ መኪና ይነዳል፤ ከመኪናው ሲወርድ ደግሞ ከቤት መውጣት አይወድም። ስለዚህ «እንሂድ» ሲላት ደስታዋን መደበቂያ አጣች። ለራሷ የመዋኛ ልብስ ሰፋች፤ ጥቁር፣ እጅጌው እስከ ክርን፣ ታቹ እስከ ጉልበት የሚደርስ። ከተረፈው ጨርቅ ለገመቺስ ክፈፉ ሰፊ ባርኔጣ ሠራችለት፤ ዙሪያውን በቢጫ ክር ጠለፈችው። የጎረቤት ሴቶች ልብሱን እየዘረጉ ሳቁባት፤ «ዓሣ ልትሆኚ ነው?» አሏት። ልሆን ነው አለቻቸው።

ከሁሉ የበለጠው ደስታዋ ግን ያልተናገረችው ነበር። ሁለተኛ ልጅ ፀንሳለች። ከእናቷ በቀር ለማንም አልነገረችም፤ ለሽመክት የምትነግረው እዚሁ፣ በመጨረሻው ማታ፣ ውኃው ዳር ተቀምጠው እንዲሆን ቀጥራ ይዛዋለች።

አንድ ያላሰበችው ነገር ነበር፦ አማቷ ወይዘሮ ታየች ከእነርሱ አንድ ቀን ቀድመው መጥተው ጠበቋቸው። የሚኖሩት ከሐይቁ ማዶ፣ ማንቡክ ነው። እስከ ማዶው ዳርቻ በመኪና፣ ከዚያ በጀልባ ተሻግረው ነው የመጡት። «የልጅ ልጇ ናፍቋታል፤ ምን ላድርጋት?» አለ ሽመክት። ቃናኒ ቅር አላላትም። ልጅ የሚይዝ እጅ ሲገኝ ማን ይጠላል?

ሽመክት እናቱን በስማቸው ነው የሚጠራቸው፤ «ታየች» ይላል፣ አንቺም ይላቸዋል። በሠርጓቸው ሰሞን ቃናኒ ይህን ስትሰማ ደንግጣ ነበር። ያሳደገችኝ አያቴ ናት፤ «እማዬ» የምላት እሷን ነበር አላት። ብዙ የበኩር ልጅ እንዲያ ነው ብላ ተወችው።

አሁን ወይዘሮ ታየች ከዘንባባው ጥላ ሥር ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። ልጁን ገመቺስ ብለው ጠርተውት አያውቁም፤ ምላሴ አይታዘዝልኝም ብለው ገላው የሚል ስም አውጥተውለታል።

«ገላው፣ ና ወደ እኔ» አሉ እጃቸውን ዘርግተው። «አንቺም ልጄ፣ ውኃውን ስታዪው አትዋዪ፤ ግቢና እረፊ። ስጪኝ ልጁን።»

ቃናኒ በአንድ እጇ ቀሚሷን ሰብስባ በሌላው አቀበለቻቸው።

«ኧረ በሁለት እጅሽ! ቅርጫት ነው እንዴ የምታቀብይኝ?»

ቃናኒ ሳቀች። ቀሚሷን ለቀቀች፤ ልጁን በሁለት እጇ ከብብቱ ሥር ይዛ ጭናቸው ላይ አስቀመጠችው።

«እንኩ እማማ። እስክወጣ ብቻ።»

«ነይ በቃ» አለ ሽመክት፣ ክንዷን ይዞ። «ዞር ብለሽ እንዳታዪ። ካየሽው ያለቅሳል።»

ዞራ አላየችም።

ውኃው ለብ ያለ ነበር። እስከ ቁርጭምጭሚት፣ እስከ ጉልበት፣ እስከ ወገብ እያለ ሲያቅፋት ጮኸች፤ በጩኸቷም ራሷ ሳቀች። ጥቁሩ ልብስ አየር ገብቶበት ዙሪያዋን ተነፋ። «ድንኳን ሆንኩ!» አለች። ሽመክት በለስ ወንዝ ላይ ሲንቦጫረቅ ያደገ ነው፤ እጇን ይዞ በድንጋዩ አፍንጫ ዙሪያ፣ ዳርቻው ወደማይታይበት ጸጥተኛ ጥግ ወሰዳት።

«እዚህ ማንም አያይሽም። በጀርባሽ ተኚ።»

«እሰምጣለሁ።»

«መዳፌ ላይ ነሽ።»

ተኛች። ጆሮዋ ውኃ ውስጥ ሲገባ ዓለም እንደ በር ተዘጋ። ሰማዩ ብቻ ቀረ፤ ከወገቧ በታችም የባሏ መዳፍ። ከልጅነቷ ጀምሮ ሰውነቷን ተሸክማ የኖረች ሴት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ተሸከመላት። ዓይኗን ጨፈነች። አንድ ነገር ከሩቅ፣ ከውኃው ሆድ፣ ሲያጉረመርም ሰማች። ጭንቅላቷን ቀና አደረገች።

«ምንድን ነው የሚያጉረመርመው?»

«ውኃ ነው። ውኃ ውስጡ ድምፅ አለው» አለ ሽመክት። «ተኚ።»

መልሳ ተኛች። ጉርምርምታው ቀጠነ፤ ራቀ፤ ጠፋ።

ሲወጡ ሰሌኑ ባዶ ነበር። «ሙቀቱ ሲበዛ ጎጆ ገብተው ነው» አለ ሽመክት። «ተኝተው ይሆናል፤ አትቀስቅሺያቸው።» የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ መጣላቸው፤ ሎሚ ተጨምቆበት፣ ሚጥሚጣ ከዳር ተደርጎለት። ቃናኒ ልብሷን ቀይራ፣ ጸጉሯ እየተንጠባጠበ፣ በልቶ እንደማያውቅ ሰው በላች። ስለ ድንኳኑ ልብስ ቀለደች። ሽመክት ሳቀ፤ የሳቀው ግን ቀልዱ ካለፈ በኋላ ነበር።

ጊዜውን የነገራት ጡቷ ነው። ወተቱ ሞልቶ የደረቀውን ቀሚሷን ፊት አረጠበው።

«ይኸው ጠራኝ» አለች እየሳቀች፤ ተነሣች።

ሽመክት እጇን ያዘ። «ትንሽ ቆዪ።»

«ሞልቷል እኮ፣ ያመኛል።»

«ቃኒ» አለ። እጇን ከእጁ አውጥታ ሄደች።

አልጋው እንደተነጠፈ ነበር። የወይዘሮ ታየች ጓዝ የለም። የገመቺስ ጫማ የለም። ባርኔጣው ብቻ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ከጎጆው ጀርባ ዓኢሻ፣ የመዝናኛው አብሳይ፣ የዓሣ ቅርፊት ታራግፋለች። የሸርቆሌ በርታ ናት፤ አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም።

«ዓኢሻ፣ እማማን አላየሻቸውም?»

«ሴትዮ? ሄደ።»

«የት ሄዱ?»

«ጀልባ ገባ። ልጅ ይዞ።» ዓኢሻ ቢላዋዋን አስቀመጠች፤ የቃናኒን ፊት አየች። «አንተ ውኃ ውስጥ ነበርሽ። ወላሂ፣ እኔ አንቺ ያውቃል ብዬ ነው።»

ቃናኒ ተመለሰች። ሮጣ አይደለም፤ እግሯ መሮጥን ረስቶ ነበር። ሽመክት ከዚያው ወንበር አልተነሣም።

«ልጄ የት ነው?»

«ቁጭ በይና ልንገርሽ።»

«ቆሜ እሰማለሁ።»

«ማንቡክ ነው የሚሄደው። ጡት ሊጥል ነው።» እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ የጠረገውን መልሶ ጠረገ። «አታስጩኺው ነገሩን። የእኛ ቤት ወግ ነው፤ ዛሬ እኔ ያመጣሁት አይደለም።»

ወጉን ነገራት። በእነርሱ ቤት የበኩር ልጅ ጡት የሚጥለው በአባቱ እናት ጉያ ነው። እናትየው ልጁን በሁለት እጇ ለአማቷ ሰጥታ፣ ዞራ ሳታይ ከሄደች፣ ልጁ ተሰጥቷል። የሰጠ እጅ መልሶ አይጠይቅም።

«ማን ነው የሰጠው?»

«አንቺ ነሽ። እኔም አይቻለሁ፤ ታየችም አይታለች።»

«ልዋኝ ብዬ ነው እኮ!»

«ወግ ለምን ሰጠሽ አይልም፤ ሰጠሽ ወይ ነው የሚለው።»

ቃናኒ ጠረጴዛውን ያዘች። ቪዲዮው፣ ሦስቱ ቀን፣ መዳፉ፣ ጉርምርምታው፤ ሁሉም አንድ በአንድ ተራቸውን ጠብቀው መጡ።

«እስከ መቼ?»

«እስክትወልጂ ነው። እርጉዝ ሆነሽ እያጠባሽ—»

አቋረጠ። ጠረጴዛው ላይ አንዲት ዝንብ በዓሣው አጥንት ላይ ትመላለስ ነበር።

«መፀነሴን ማን ነገረህ?» አለች ቃናኒ፣ ድምፅዋ እንደ ሹክሹክታ ወርዶ።

ሽመክት ወደ ውኃው አየ።

ስልክ የሚሠራው ከመዝናኛው በላይ፣ የውኃ ታንከሩ የቆመበት ጉብታ ላይ ብቻ ነው። ቃናኒ ባዶ እግሯን ወጣች። ባምባሲ ደወለች። እናቷ ቡሴ በአሮጌው ልማዳቸው ከሰላምታው በፊት ስለ ዝናቡ ጠየቋት።

«ሃርሜ» አለች ቃናኒ፤ ከልጅነቷ እናቷን በኦሮምኛ እንዲህ ነው የምትጠራው። «ገመቺስን ወሰዱብኝ።»

«ደረሱ እንዴ?» አሉ እናቷ።

ቃናኒ ታንከሩን ተደገፈች። ብረቱ ይፋጃል፤ ጀርባዋን አላነሣችም።

«ታውቂ ነበር?»

«ሽመክት መጥቶ አማከረኝ። በአክብሮት ነው የመጣ፤ እግሬን ስሞ። ልጄ፣ ጡት ማስጣል በአንቺ አልተጀመረም። በሆድሽ ያለውን ማን ይመግበው? እኔ ነኝ “ፀንሳለች፤ ይቅናችሁ” ያልኩት። ለአንተ ብቻ ብዬ ነው የነገርኩት።»

«ለእኔስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እምቢ ትያለሻ!»

«እምቢ እንደምል ካወቅሽ—»

«ስለማውቅ ነዋ!» አሉ እናቷ፣ ልክ እንደ ተገፋ ሰው ቅር ብሏቸው። «ያንቺን ግትርነት እኔ ነኝ የማላውቀው?»

ስልኩን የዘጋችው ቃናኒ ናት። በእናቷ ላይ ስልክ ዘግታ አታውቅም። ከጉብታው ላይ ሐይቁ ሙሉ ለሙሉ ይታያል፤ ጀልባዋ እንደ ጥቁር ዘር ሆና ከማዶ ስትመለስ አየች። አሶሳ ገበያ ሴቶቹ የሚሉት ከወዲሁ በጆሮዋ ተሰማት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ከብብቷ ነው የወሰዱት።

ጀልባዋ ስትደርስ ጀልባ በሚያስጠጋው የእንጨት መረማመጃ ጫፍ ላይ ቆማ ጠበቀች። ጀልባ ነጂው ጅረኛ የወለጋ ሰው ነው። ትናንት አመሻሹ ላይ ሲደርሱ በኦሮምኛ ሰላም ብላው፣ «እንዴ፣ የአገሬ ልጅ!» ብሎ ገመቺስን መሪውን አስይዞት ነበር። አሁን ሲያያት ገመዱን መጠቅለል ተወ።

«አሮጊቷ “እናቱ ታውቃለች” አሉኝ፣ እህቴ» አለ፣ ሳትጠይቀው። «ያለቅስ ነበር። ሕፃን ሞተር ሲነሣ ያለቅሳል ብዬ...»

«አሻግረኝ።»

«አሁን? ነፋሱን አታዪም?» ውኃው ጥርስ አውጥቷል፤ ነጭ ነጭ። «ከቀትር በኋላ ሞገድ ሲነሣ የሰመጠው ዛፍ አይታይም። ጫፉ ጦር ነው፤ ጀልባ ይቀድዳል። ካንቺ ጋር ብሰምጥ ልጁ ምን ይጠቅመዋል?»

«ሲመሽ መኪና ይዞት ይሄዳል።»

«አይሄድም። ለማንቡክ መኪና የሚገኘው ጠዋት ነው፤ ዛሬ የሚያድሩት ማዶ፣ ሻይ ቤቷ ውስጥ ነው።» ወደ ጎጆዎቹ አየት አድርጎ ድምፁን ቀነሰ። «ጎህ ሲቀድ እዚህ ሁኚ። እኔ ማንንም አልጠይቅም፤ ማንም አይጠይቀኝ።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጡቷ እንደ ድንጋይ ጠጠረ። ውኃው ዳር ተንበርክካ ወተቱን አሸዋው ላይ አለበችው። አሸዋው ወዲያው ይጠጣል፤ ነጭ ነገር እንኳ አያስቀርም። ሽመክት ከኋላዋ መጥቶ ቆመ።

«ቃኒ፣ እኔስ እንዲሁ አላደግሁም? ምን ሆንኩ?»

ወተቱን ማለቧን ቀጠለች።

«ልጅ አልጣልንም። ደም ለደም ነው የሰጠነው። ስድስት ወር፣ ሰባት ወር፤ ምን አላት?»

«አንተ አያትህ ዘንድ ስንት ዓመት ቆየህ?»

«እስክትሞት።»

«ስትሞት ስንት ዓመትህ ነበር?»

«አሥራ አራት።»

«እማማም “ጡት እስኪጥል” ተብለው ነበር፣ አይደል?»

ውኃው መጥቶ ጉልበቷን ነካና ተመለሰ። ሽመክት ነጠላ ጫማውን በእጁ ይዞ ቆሞ ነበር፤ ሲሄድም በእጁ እንደያዘው ሄደ።

ጎህ ሲቀድ ሐይቁ የተወለወለ ብረት መስሎ ነበር። ጅረኛ ሞተሩን ዝግ አድርጎ፣ ጀልባዋን በደረቁ ዛፎች መካከል በመርፌ ቀዳዳ እንደሚገባ ክር እየመራ ወሰዳት። ቅርንጫፎቻቸው ላይ ጥቁር ወፎች ክንፋቸውን ዘርግተው ያደርቃሉ። ቃናኒ ባርኔጣውን ጭኗ ላይ ይዛለች፤ ለምን እንደያዘችው አታውቅም፤ ከግድግዳው ላይ ያነሣችው ሳታስብ ነው።

ማዶው ሜዳ ነው። የሻይ ቤቷ የቆርቆሮ ዳስ፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ በጎኑ የቆመ ሚኒባስ። ሾፌሩ ጎማ ይመታል። ወይዘሮ ታየች አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ገመቺስ ጭናቸው ላይ ተኝቷል፤ ጉንጩ ላይ የደረቀ እንባ ነጭ መስመር ሠርቷል።

አልደነገጡም።

«መጣሽ» አሉ።

«መጣሁ።»

«ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ አደረ። በሶ በጠበጥኩለት፤ ተፋብኝ። የማይበገር ነው፤ እንደ አባቱ።» ቀሚሳቸው ላይ የደረቀውን በሶ በጥፍራቸው ፋቁት። «ቁጭ በይ። እንግዳ አይደለሽ፣ ለምን ትገተሪያለሽ?»

ቃናኒ ተቀመጠች። በመካከላቸው የአንድ ሰው ቦታ ቀረ።

«እኔ አልነጠቅሁሽም» አሉ ወይዘሮ ታየች። «በሁለት እጅሽ ነው የሰጠሽኝ።»

«ልዋኝ ብዬ ነው የሰጠሁዎት።»

«እኔም ውኃ ልቀዳ ብዬ ነበር።»

ሾፌሩ ጎማውን መምታት ተወ። ወይዘሮ ታየች የሚናገሩት ለእርሷም ለሐይቁም መሰለ።

«እንስራዬን ይዤ ደጅ ቆምኩ። አማቴ “በሁለት እጅሽ ስጪኝ” አሉኝ። ሰጠሁ። ምንጩ ቅርብ ነበር፤ ስመለስ ቤቱ ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ። ሽመክት ጥርሱ አልሞላም ነበር ያኔ።»

«አለቀሱ?»

«ምን ጥያቄ ነው! እንስራውን ከደጃፉ ላይ ሰበርኩት። ሙሉ ነበር።»

«ታዲያ ማን መለሰልዎት?»

«ማንም። ማንም አልመለሰልኝም።» የተኛውን ልጅ ግንባር በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። «ለዚህ ነው ይኸኛው የእኔ ነው የምልሽ። የእኔን ወሰዱት፤ እኔ የልጄን ወሰድኩ። አንቺም ቀንሽ ሲደርስ ከምራትሽ ትወስጃለሽ። ያን ጊዜ ታመሰግኚኛለሽ።»

ቃናኒ ቁጣ ይዛ ነበር የተሻገረችው፤ የተዘጋጀችበት ሰው ግን ይህ አልነበረም። የቀራትን አንድ ነገር ይዛ ጠየቀች፦

«ሽመክት ግን እስክወልድ ብቻ ነው ብሎኛል።»

ወይዘሮ ታየች ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን ወደ እርሷ አዞሩ። ዓይናቸው ውስጥ ያየችው ተንኮል ቢሆን ይቀላት ነበር፤ ያየችው ግርምት ነው።

«እስክትወልጂ? እንዲህ አለሽ?»

«እንዲህ አለኝ።»

«ወይ አንቺ ልጅ!» ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንቺን ላግባ ብሎ ማንቡክ የመጣ ጊዜ እምቢ አልኩት። ሃይማኖቷ ሌላ፣ ወገኗ ሌላ፣ እኔ አልመርቅም አልኩት። ሦስት ቀን ደጄ ተቀመጠ። በሦስተኛው እግሬ ላይ ወድቆ “ታየች፣ የመጀመሪያውን ልጄን ለአንቺ እሰጥሻለሁ፤ ለዘለዓለም። ብቻ መርቂኝ” አለኝ። ያኔ ነው የመረቅኋችሁ።»

ቃናኒ ያንን ምርቃት ታስታውሰዋለች። ባምባሲ፣ በአባቷ ግቢ፣ እኚህ ቀጥ ያሉ ሴት ግንባሯን ስመው፣ አልቅሰው፣ «ማሕፀንሽ ይለምልም» ብለዋት ነበር። እርሷም እያለቀሰች ጉልበታቸውን ሳመች። ተወደድኩ ብላ ነበር። የሳመችው ጉልበት ዛሬ ልጇ የተኛበት ነው። የምርቃቱ ዋጋ ገና ያልተወለደው ልጇ ኖሯል፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ሽመክት በየማታው ጎኗ ሲተኛ፣ ምጥ ይዟት እጁን ስትነክስ፣ ልጁ ስም ሲወጣለት፣ ያውቅ ኖሯል።

እጆቿን ዘረጋች፤ ልጁን ከጭናቸው ላይ አነሣች። የወይዘሮ ታየች ክንድ አንድ ጊዜ ጠበቀ። ቃናኒ አልጎተተችም፤ አልለቀቀችምም። ገመቺስ ዓይኑን ገለጠ፣ የእናቱን ሽታ አገኘ፣ ተንደርድሮ ቀሚሷን ጨበጠ። የወይዘሮ ታየች ክንድ ላላ።

«የሰጠ እጅ አይጠይቅም፣ ልጄ።»

«አልጠየቅሁም» አለች ቃናኒ።

አግዳሚው ሌላ ጫፍ ሄዳ ተቀመጠች፤ አጠባችው። ሲስብ ድምፁ ይሰማ ነበር። ወይዘሮ ታየች ባዶ ጭናቸውን ጨርቅ እንደሚያስተካክል ሰው አስተካከሉ።

«ሌላውንስ?» አሉ ቆይተው፣ ቀስ ብለው። «በሆድሽ ያለውን ትሰጪኛለሽ?»

ቃናኒ የልጇን ጆሮ በመዳፏ ሸፈነች።

ሾፌሩ ሞተር አስነሣ። ጅረኛ ከውኃው ዳር፣ ገመዱን በእጁ ይዞ፣ በኦሮምኛ ጠራት። «እህቴ፣ ልመልስሽ ወይ? ነፋሱ ሳይነሣ ነው የምሄድ።»

ቃናኒ ሐይቁን አየች። በዚያ ዳርቻ ሽመክት አለ። ከዚያ በላይ አሶሳ፣ የሽመክት ቤት። ከዚያ በላይ ባምባሲ፣ እናቷ። ስፌት መኪናዋም አሶሳ ነው። አልመለስም ስትል ራሷን ነቀነቀች። ጅረኛ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ጀልባዋን ገፍቶ ገባ።

«ወዴት ነሽ?» አለ ሾፌሩ፣ መስታወቱን እየጠረገ።

«መኪናው እስከ የት ይሄዳል?»

«ማንቡክ ያራግፋል፤ ከዚያ ያልፋል።»

ወደ ኋላ ወንበር ገባች። ወይዘሮ ታየች ጓዛቸውን ታቅፈው ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡ። መንገዱ አቧራ ነው። አንድ ጊዜ መኪናው ጉድጓድ ሲመታ ወይዘሮ ታየች ወደ ኋላ ዞረው «ራሱን ያዢው» አሉ። ቃናኒ ያዘችው።

ማንቡክ ሲደርሱ ቀኑ ከሮ ነበር። ወይዘሮ ታየች ወረዱ፤ ጓዛቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው የመኪናውን በር በአንድ እጃቸው ይዘው ቆሙ። ቤታቸው ከዚያ ይታያል፤ አዲስ አልጋ ደጃፉ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ ትንሽ ነው፣ የልጅ።

«ውረጂና እህል ቅመሺ» አሉ። «ሁለታችሁም።»

ቃናኒ ከወንበሯ አልተነሣችም። ገመቺስ ተኝቶ ነበር፤ እጁ ቀሚሷ ውስጥ ነው።

ሾፌሩ ሁለቱንም አይቶ፣ ጠበቀ። ከዚያ ወርዶ በሩን ዘጋው።

መኪናው እናትና ልጁን ይዞ ወደፊት ቀጠለ፤ የሚያድረው ከማንቡክ ባሻገር፣ ገነተ ማርያም በምትባል ከተማ ነበር።